ቀረጥን እንደ ዱላ መያዝ የተሻለ የንግድ ውል ያስገኛልን?



ለዚህ እትም የመረጥሁት ርእስ የንግድ ድርድር ነው። ጥያቄውም ባጭሩ ይህ ነው። አንድ መንግሥት ከሌላው ጋር ለንግድ ውል ሲቀመጥ «የምልህን ካልተቀበልህ በዕቃህ ላይ ቀረጥ እጥልበታለሁ» ብሎ ቢያስፈራራ፣ ካስፈለገም ቢጥልበት፣ በመጨረሻ እጁ የሚገባው ውል ከቀድሞው የተሻለ ይሆናልን?

በሻይ ክበባችን ይህ ነገር በተነሣ ቁጥር ክርክሩ ይከርራል። ግማሹ «ዓለም እኮ የኃይለኛ ናት፣ ካልተቆጡ ማን ይሰማል?» ይላል። ሌላው ደግሞ «ቀረጥ ጉዳት ነው፣ አለቀ» ብሎ ሊዘጋው ይፈልጋል። ምሳሌ ጥቀሱ ሲባሉ ግን ሁለቱም ወገኖች ዝም ነው። ነገ ከነገ ወዲያ አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ አሜሪካ በቡናችን ላይ ቀረጥ ስትጥል የሚከፍለው ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቀን፣ እኛም ዝም ማለት አያዋጣንም። ስለዚህ ምሳሌዎቹን አንድ ባንድ እንያቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። አብዛኛው ምሳሌ ከአሜሪካ የተወሰደው ይህን ዱላ በሰፊው የሞከረችው እርሷ ስለሆነችና መዝገቡም በደንብ የተያዘ ስለሆነ ነው።

ቀረጡን የሚከፍለው ማን ነው?

ቀረጥ ማለት ዕቃ ድንበር ሲያልፍ መንግሥት የሚወስደው ግብር ነው። ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። በጉምሩክ መስኮት ቀርቦ የሚከፍለው ዕቃውን የላከው የውጭ አገር ሰው ሳይሆን ያስመጣው የአገር ውስጥ ነጋዴ ነው። ለምሳሌ 100 ዶላር የሚያወጣ ቡና ከእኛ አገር ወደ ኒው ዮርክ ቢሄድና 10 ከመቶ ቀረጥ ቢኖርበት፣ 10ሩን ዶላር የሚከፍለው አሜሪካዊው አስመጪ ነው፤ የሚቀበለውም የራሱ መንግሥት ነው። ገንዘቡ ካገሩ አልወጣም።

ታዲያ ነገሩ እዚህ ላይ አያበቃም። አስመጪው ያንን 10 ዶላር ዝም ብሎ ተሸክሞ አይቀመጥም። ወይ ከትርፉ ይቀንሳል፣ ወይ ቡናውን በስኒ ለሚጠጣው ሰው ያስተላልፈዋል፣ ወይም ወደ ላኪው ዞሮ «ዋጋህን ቀንስልኝ» ይላል። ላኪው የሚቀንሰው መቼ ነው? ሌላ ገዢ ሲያጣ ነው። ጀርመን፣ ሳዑዲ ዐረቢያና ጃፓን የሚገዙት ከሆነ ግን «ካልፈለግህ ተወው» ማለት ይችላል። እንደኔ አስተያየት የጉዳዩ ፍሬ ነገር እዚሁ ላይ ነው ያለው። የዱላው ጉልበት የሚለካው በቀረጡ ከፍታ ሳይሆን የሚመታው ወገን መሄጃ በማጣቱ ነው።

መርካቶ የሸመተ ሰው ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። ጫማ ሊገዛ ዋጋ ይጠራል፤ ሻጩ እምቢ ሲል ፊቱን አዙሮ ሁለት ሦስት እርምጃ ይሄዳል። ሻጩ «ና ና፣ ውሰደው በቃ!» ብሎ የሚጠራው ቀጥሎ ያለው ሱቅ ያንኑ ጫማ እንደሚሸጥ ስለሚያውቅ ነው። በሰፈሩ ያንን ጫማ የያዘ እርሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቁጭ ብሎ ያየው ነበር። ገዢው ቢጮህም ቢሳደብም ዋጋው አይወርድም፤ እንዲያውም በንዴት ሊጨምርበት ይችላል። አገሮችም ከዚህ ብዙም አይለዩም፣ ምንም እንኳ በክራቫትና በአስተርጓሚ ቢሆን።

የዶሮው ጦርነት

ከታሪኮቹ ሁሉ እኔ የወደድሁት የዶሮውን ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት የአሜሪካ ገበሬዎች ዶሮን በፋብሪካ መልክ በብዛት ማርባት ስለ ጀመሩ ሥጋው በጣም ረከሰ። ርካሹ ዶሮም ውቅያኖስ ተሻግሮ በተለይ የምዕራብ ጀርመንን ገበያ ሞላው። የአውሮፓ ገበሬዎች ጮኹ። በ1962 ገና ጥቂት ዓመት የሆነው የአውሮፓ የጋራ ገበያ በውጭ ዶሮ ላይ ያለውን ቀረጥ ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ አሳደገው፤ የአሜሪካም ዶሮ ሽያጭ አሽቆለቆለ። በርሊን በግንብ ተከፍላ ዓለም በፍርሃት በተወጠረበት በዚያን ጊዜ፣ ፕሬዚዳንት ኬኔዲና የምዕራብ ጀርመኑ መሪ አዴናወር ስለ ዶሮ ይጻጻፉ ነበር።

ድርድሩ አልሰመረም። ጉዳዩ የቀረጥና የንግድ አጠቃላይ ስምምነት፣ ማለት ጋት፣ ላቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን ቀረበ። አሜሪካ ጉዳቴ 46 ሚሊዮን ዶላር ነው አለች፤ አውሮፓ የለም 19 ሚሊዮን ነው አለ፤ ቡድኑ 26 ሚሊዮን ነው ብሎ በየነ። ኬኔዲ በኖቬምበር 1963 ስለ ተገደሉ አጸፋውን ያወጁት ተተኪያቸው ጆንሰን ናቸው። በዲሴምበር 4 ቀን 1963 በወጣው አዋጅ መሠረት በድንች ስታርች፣ በዴክስትሪንና በብራንዲ ላይ ከፍ ያለ ቀረጥ፣ በቀላል የጭነት መኪናዎች ላይ ደግሞ 25 ከመቶ ቀረጥ ተጣለ። መኪናው የተመረጠው የጀርመኑን ቮልስዋገን ለመንካት ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ፣ የዱላው ዓላማ የዶሮውን ገበያ ማስከፈት ነው። ተከፈተ ወይ? አልተከፈተም። አውሮፓ ዶሮውን ራሱ ማርባት ተማረ። በስታርቹ፣ በዴክስትሪኑና በብራንዲው ላይ የነበረው ቀረጥ በጊዜ ብዛት ተነሣ፤ የጭነት መኪናው ግን ቀረ። ምክንያቱም ቀረጡ ከተተከለ በኋላ ጠባቂ በቀለለት። የአሜሪካ መኪና ፋብሪካዎች ከውጭ ተወዳዳሪ ተከልለው ሰፊ ትርፍ የሚያገኙት ከዚሁ ዓይነት መኪና ስለሆነ ማን ያስነካቸዋል!

የሚያስቀው ደግሞ ይኸው ቀረጥ በኋላ ባለቤቱን መጣ። ፎርድ ኩባንያ በቱርክ ያሠራቸውን ትናንሽ የጭነት መኪናዎች ወደ አሜሪካ ሲያስገባ፣ 25 ከመቶውን ሽሽት ከኋላ የሰው መቀመጫ ገጥሞላቸው በ2.5 ከመቶው የቤት መኪና ቀረጥ ያስገባቸው ነበር። ወደብ ላይ ከደረሱ በኋላ መቀመጫው ይነቀላል! ክርክሩ በፍርድ ቤት ለዓመታት ተጎትቶ በማርች 2024 ፎርድ 365 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። በ26 ሚሊዮን ዶላር ዶሮ የተጀመረ ነገር መሆኑ ነው እንግዲህ።

ይኸው የመኪና ቀረጥ በ2018ም እንደገና ብቅ ብሏል። አሜሪካ ከደቡብ ኮሪያ ጋር የነበራትን ውል «አፈርሰዋለሁ» ብላ አስፈራርታ አሳደሰች። ኮሪያ ሁለት ነገር ተቀበለች። አንደኛው፣ ኮሪያ በምትልካቸው የጭነት መኪናዎች ላይ በ2021 ሊነሣ የነበረው 25 ከመቶ ቀረጥ እስከ 2041 እንዲቆይ። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ የአሜሪካ ኩባንያ በራሱ አገር የደኅንነት ደንብ የተሠራ መኪና ኮሪያ ውስጥ በዓመት እስከ 25,000 መሸጥ ይችል የነበረው ወደ 50,000 ከፍ እንዲል። ድል ይመስላል። ነገር ግን የጭነት መኪናውን ኮሪያ በዚያን ጊዜ ለአሜሪካ አትሸጥም ነበር፤ ከአሜሪካ ኩባንያዎችም መካከል የበፊቱን 25,000 እንኳ የሞላ አልነበረም። ኮሪያዎቹ ያልተጠቀሙበትን ሰጥተው፣ ያልተሞላውን ጨምረው፣ ፈርመው ወጡ። ብልህ ተደራዳሪ የሚጮኽበትን ሰው እንደዚህ ነው የሚሸኘው።

የካናዳ እንቁላል

ከዚህ በፊት ያለው ትልቁ ምሳሌ የ1930ው ነው። በጁን 17 ቀን 1930 ፕሬዚዳንት ሁቨር የስሙትና የሆውሊ የተባለውን የቀረጥ ሕግ ፈረሙ። 1,028 የኢኮኖሚ ሊቃውንት እባክዎ አይፈርሙ ብለው ጽፈውላቸው ነበር፤ አልሰሙም። ሕጉ የወጣው በዋናነት የራስን ገበሬና ፋብሪካ ለመከለል እንጂ ለመደራደር አልነበረም። ቢሆንም የሌላው ወገን መልስ ምን እንደሚመስል በደንብ ያሳያል።

እንቁላልን እንውሰድ። አሜሪካ በአንድ ደርዘን እንቁላል ላይ የምትወስደውን ቀረጥ ከ8 ሳንቲም ወደ 10 ሳንቲም አሳደገች። ካናዳም የራሷን ከ3 ሳንቲም ወደ 10 ሳንቲም አሳደገች። በዚህ ንግድ ብዙ እንቁላል የምትሸጠው ራሷ አሜሪካ ነበረች። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ካናዳ የምትልከው እንቁላል በ98 ከመቶ ያህል ወረደ። ሁለት ሳንቲም ለማግኘት ሲሉ ደንበኛውን ሸኙት። (በነዚያ ዓመታት የዓለም ኢኮኖሚ ሁሉ እየወደቀ ስለነበረ ጥፋቱን ሁሉ በቀረጡ ላይ መጫን ልክ አይደለም፤ የእንቁላሉ ግን በግልጽ የቀረጡ ሥራ ነው።)

ከእንቁላሉ ይበልጥ እኔን ያስገረመኝ ፖለቲካው ነው። የካናዳው ጠቅላይ ሚኒስትር ማኬንዚ ኪንግ ለዘብ ያሉ ሰው ነበሩ። ሕጉ ከመፈረሙ በፊት በሜይ ወር በ16 ዓይነት የአሜሪካ ዕቃዎች ላይ አጸፋ ጥለው፣ ለምርጫ ወጡ። በጁላይ ግን ከርሳቸው የበረታ ቀረጥ እጥላለሁ ብለው የተነሡት ቤኔት አሸነፏቸው። ዱላ ሲነሣ በዚያኛው ወገን መጀመሪያ የሚወድቀው ሊስማማ የሚችለው ሰው ነው ማለት ነው። ይህ የድሮ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2025 መጀመሪያ የካናዳ ተቃዋሚ ፓርቲ በሕዝብ አስተያየት መለኪያ ከ20 ነጥብ በላይ ይመራ ነበር። አሜሪካ ቀረጥ ጥላ፣ ደግሞም «51ኛዋ ክፍለ ግዛታችን ሁኚ» የሚል ንግግር ሲጨመርበት፣ በኤፕሪል 28ቱ ምርጫ አንበረከክም ያሉት ማርክ ካርኒ አሸነፉ። አገሩ የተደፈረበት ሕዝብ የሒሳብ መዝገብ አያገላብጥም።

ወደ 1930ዎቹ ስመለስ፣ እዚህ ላይ ለኃይለኞቹ ወገን አንድ ነጥብ መስጠት አለብኝ። በ1934 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኮርዴል ሃል የደከሙበት ሕግ ወጣ። ሕጉም ሌላው አገር የበኩሉን ከቀነሰ ፕሬዚዳንቱ የአሜሪካን ቀረጥ እስከ ግማሽ ድረስ እንዲቀንሱ ሥልጣን ሰጠ። በ1935 ከካናዳ ጋር፣ ከዚያም ከብዙ አገሮች ጋር ውል ተፈረመ። እነዚህ ውሎች ያማሩት አሜሪካ የምትቀንሰው ከፍ ያለ ቀረጥ በእጇ ስለነበረ ነው። ግንብ የሌለው ሰው በር ሊሸጥ አይችልም። ስለዚህ ቀረጥ ለድርድር አንዳች ጥቅም የለውም የሚለው ጓደኛችንም አልተሳካለትም። ነገር ግን ጥቅም የሰጠው ሲወርድ ነው፤ ሲነሣ የሰጠው እንቁላል አልባ ገበያ ነው።

ዱላው የሠራበት ጊዜ

ዱላው የሠራበት ጊዜ የለም ወይ? አለ። በሴፕቴምበር 1986 አሜሪካና ጃፓን ስለ ኮምፒዩተር ቺፕ ተዋዋሉ፤ ጃፓን ገበያዋን ለውጭ ቺፕ እንድትከፍት ነበር። አሜሪካ ውሉ አልተከበረም ብላ በኤፕሪል 1987፣ 300 ሚሊዮን ዶላር በሚያወጡ የጃፓን ኮምፒዩተሮች፣ ቴሌቪዥኖችና የእጅ መሣሪያዎች ላይ 100 ከመቶ ቀረጥ ጣለች። ከዚያ ወዲያ በጃፓን ገበያ ከ10 ከመቶ በታች የነበረው የውጭ ቺፕ ድርሻ እያደገ ሄዶ በ1992 መጨረሻ 20 ከመቶ ደረሰ። ይህ ውጤት ነው፣ መካድ አይቻልም።

ግን ጃፓን ማን ነበረች? ዋናው ገበያዋ አሜሪካ ነው፤ ድንበሯን የሚጠብቅላት የአሜሪካ ጦር ነው። ቀጥሎ ያለ ሱቅ አልነበራትም። የተጠየቀችውም የታወቀና የሚቈጠር ነገር ነው። ለዚህም ዋጋ ተከፍሎበታል። ቺፕ ስለ ተወደደ የአሜሪካ ኮምፒዩተር ሠሪዎች የበለጠ ከፈሉ፤ በመሐል ደግሞ የደቡብ ኮሪያ ፋብሪካዎች ገብተው ሰፊውን ገበያ ያዙ።

በጁላይ 27 ቀን 2025 የአውሮፓ ኅብረት የተስማማበትም ከዚሁ ዓይነት ነው። ከኦገስት 1 ጀምሮ 30 ከመቶ ይጣልብሃል ተብሎ ስለ ተዛተበት 15 ከመቶ ሲቀበል፣ በአሜሪካ የኢንዱስትሪ ዕቃ ላይ ያለውን የራሱን ቀረጥ ሊያነሣ፣ 750 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ነዳጅና ሌላ የኃይል ምንጭ ሊገዛ፣ 600 ቢሊዮን ዶላር በአሜሪካ እንዲፈስ ሊያደርግ ቃል ገባ። በዩክሬን ጦርነት ምክንያት የአሜሪካ ጥበቃ ስለሚያስፈልገው እጁ ታስሮ ነበር። ሆኖም 600 ቢሊዮኑን የሚያፈስሱት የግል ኩባንያዎች ናቸው፤ የኅብረቱ ኮሚሽን ደግሞ ኩባንያን «ገንዘብህን እዚያ አፍስስ» ብሎ ማዘዝ አይችልም። በወረቀት ላይ የተጻፈ ቁጥርና ወደብ ላይ የደረሰ ዕቃ አንድ አይደሉም።

ይህ ልዩነት በጣም የታየው በቻይና ነው። በጁላይ 2018 አሜሪካ በቻይና ዕቃዎች ላይ 25 ከመቶ መጣል ስትጀምር፣ ቻይና በዚያው ቀን በአሜሪካ አኩሪ አተር ላይ 25 ከመቶ ጣለች። በ2017 ወደ 12 ቢሊዮን ዶላር የነበረው የአኩሪ አተር ሽያጭ በ2018 ወደ 3 ቢሊዮን ወረደ። ቻይና ቀጥሎ ያለውን ሱቅ አገኘች፤ ብራዚል ትባላለች። የአሜሪካ መንግሥት ለተጎዱት ገበሬዎቹ 28 ቢሊዮን ዶላር ድጎማ መደበ። የኒው ዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ፣ የፕሪንስተንና የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች የኢኮኖሚ ባለሙያዎች በ2019 መረጃውን መርምረው ቀረጡን በሙሉ ለማለት በሚቻል መጠን የከፈሉት አሜሪካውያን መሆናቸውን አሳዩ።

በጃንዋሪ 15 ቀን 2020 ውል ተፈረመ። ቻይና በ2017 ከገዛችው በላይ በሁለት ዓመት ውስጥ የ200 ቢሊዮን ዶላር ተጨማሪ ዕቃና አገልግሎት ልትገዛ ቃል ገባች። ሲፈረም ጭብጨባው ብዙ ነበር። ሁለቱ ዓመታት ሲያልቁ በጠቅላላው ልግዛ ካለችው የገዛችው 58 ከመቶ ያህሉን ነው። በመሐል የኮሮና ወረርሽኝ መግባቱ እውነት ነው፤ ግን ወረርሽኙ ባልነበረበትም ጊዜ ቢሆን ብራዚልን የለመደ ደንበኛ በፊርማ ብቻ አይመለስም። በ2025 ደግሞ ፍልሚያው ተደገመና በኤፕሪል ወር የአሜሪካ ቀረጥ እስከ 145 ከመቶ፣ የቻይና እስከ 125 ከመቶ ወጣ። ቻይና ለሞተርና ለማግኔት የሚያገለግሉ ብርቅዬ ማዕድናትን ያለ ፈቃድ እንዳይወጡ አገደች፤ ይህን ዕቃ በብዛት የሚያቀርብ ሌላ ሱቅ የለም። በሜይ 12 ጄኔቫ ላይ 145ቱ ወደ 30፣ 125ቱ ወደ 10 ወረዱ። መሄጃ ያጣው ማን እንደነበረ ቁጥሩ ይናገራል።

የቡናው ጉዳይ

አሁን ወደ ተማሪው ጥያቄ እንምጣ። አሜሪካ ቡና በብዛት ትጠጣለች፤ ከሃዋይና ከፖርቶ ሪኮ ትንሽ ምርት በቀር ግን አታበቅልም። በኤፕሪል 2025 በአብዛኞቹ አገሮች ዕቃ ላይ 10 ከመቶ ሲጣል የኢትዮጵያ ቡናም በዚያው ውስጥ ገባ። በኦገስት 6 በብራዚል ቡና ላይ 50 ከመቶ ተጫነ። ብራዚል ለአሜሪካ ከሌላው አገር ሁሉ የበለጠ ቡና ታቀርባለች። ደግሞም አሜሪካ ከብራዚል ጋር ባላት ንግድ አትራፊዋ ራሷ ናት፣ «ተበላሁ» የምትልበት ምክንያት አልነበረም። ደብዳቤው በግልጽ ያነሣው የቀድሞውን ፕሬዚዳንት የቦልሶናሮን የፍርድ ጉዳይ ነበር፤ ክሱ ይቁም ተባለ።

ይህ ጥያቄ ብራዚል ልትሰጠው የማትችለው ነበር። እንቁላል አይደል፣ ቺፕ አይደል፤ የአገር ፍርድ ቤት ነው። በሴፕቴምበር ወር ፍርድ ቤቱ ቦልሶናሮን የ27 ዓመት ከ3 ወር እስራት ፈረደበት። ወደ አሜሪካ ይሄድ የነበረው የብራዚል ቡና በግማሽ ያህል ሲወርድ ሌሎች ገዢዎች ተቀበሉት። በአሜሪካ የችርቻሮ ቡና ዋጋ ካለፈው ዓመት ጋር ሲነጻጸር ወደ 20 ከመቶ በሚጠጋ ጨመረ፤ እርግጥ በብራዚልና በቬትናም የደረሰው ድርቅም ድርሻ ነበረው። በኖቬምበር 14 መንግሥቱ ቡናን፣ ሙዝን፣ የበሬ ሥጋን ከአጠቃላዩ ቀረጥ አወጣ፤ የእኛም ቡና 10 ከመቶው ቀረለት። በኖቬምበር 20 የብራዚልም ቡና ነጻ ሆነ። ውል የለ፣ ምርኮ የለ። ጠዋት ቡናውን የሚጠጣው አሜሪካዊ ነው ቀረጡን ያስነሣው።

ዱላ የሌለውስ ምን ያድርግ?

እስካሁን የተናገርነው ስለ ትልቆቹ ነው። እኛ ቀረጥ ጥለን ዋሽንግተንን ልናስደነግጥ አንችልም፤ ታዲያ ለኛ ብጤው አገር ድርድር ማለት መለመን ብቻ ነውን? ለዚህ ከራሳችን አገር ያለውን ምሳሌ ብዙዎቻችን አናውቀውም።

በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ። ሐሳቡ እነዚህ ስሞች በሱቅ መደርደሪያ ላይ ቡናውን ውድ የሚያደርጉ ሆነው ሳለ ባለስሙ አገር ምንም ሥልጣን ስለሌላት እርሱን ለማስተካከል ነው። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። የይርጋጨፌው ሲሳካ የሐረርና የሲዳሞው በመጀመሪያው ዙር ውድቅ ተደረገ። ስታርባክስ የተባለው ታላቁ የቡና ኩባንያም ስምምነት መፈረሙን አልወደደም፤ ሌላ ዓይነት የምስክር ወረቀት ይሻላል ይል ነበር።

ኢትዮጵያ ያደረገችው ምንድን ነው? ቡናዬን አልሸጥም አላለችም፤ ይህን ብትል መጀመሪያ የሚራበው የራሷ ገበሬ ነው። በስሙ ለመጠቀም የሚፈልግ ኩባንያ ሁሉ ያለ ክፍያ ፈቃድ ይውሰድ፣ ብቻ ስሙ የኢትዮጵያ መሆኑን ይፈርም አለች። በዚህም ለመፈረም ቀላል፣ እምቢ ለማለት ግን የሚያሳፍር ነገር አቀረበች። ኦክስፋም የተባለው የርዳታ ድርጅት ጉዳዩን በ2006 ለሕዝብ አወጣው፤ ብዙ ሺህ ቡና ጠጪዎች ለኩባንያው ጻፉ። በጁን 2007 ስታርባክስ የፈቃድ፣ የሥርጭትና የማስታወቂያ ስምምነት ፈረመ።

በዚህ ድርድር ቀረጥ የለም፣ ዛቻም የለም ለማለት ይቻላል። ግን ልስላሴ ብቻም አይደለም። ይርጋጨፌ የሚባል ቡና ከይርጋጨፌ በቀር ከየትም አይመጣም፤ ስለዚህ ለዚያች ስም ሲባል ቀጥሎ ያለ ሱቅ ያጣው ገዢው ነበር። አገራችን የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን በ2003 አመልክታ ከሃያ ዓመት በላይ በቈየው ድርድርም ቢሆን፣ ጥያቄው የትኛውን በር በምን ዋጋ እንክፈት የሚለው ነው። ለዚያ ጠረጴዛ የሚቀርብ ሰው ከድምፁ ይልቅ ይህችን ማወቅ አለበት፤ ከኛ ሌላ ማን ይሸጣል፣ ከነርሱ ሌላ ማን ይገዛል?

ለማስተማር ልምምዳችን

ይህን በክፍል ውስጥ ለማሳየት የሚከተለውን እንድትሞክሩት አቀርባለሁ። ተማሪዎችን ለሁለት ክፈሏቸው። አንደኛው ቡድን ሻጭ ሆኖ 20 የባቄላ ፍሬ ይያዝ፤ ሌላው አንድ ገዢ ብቻ ይምረጥ። ገዢው በያንዳንዱ ባቄላ ላይ «ቀረጥ እጥላለሁ» እያለ ያስፈራራ፤ የመጨረሻው ዋጋ ይመዝገብ። በሁለተኛው ዙር ሁለት ተጨማሪ ገዢዎች ከበሩ ይግቡ፤ የመጀመሪያው ገዢ ያንኑ ዛቻ ይድገም፤ ዋጋው እንደገና ይመዝገብ። በሦስተኛው ዙር ገዢው ዛቻውን እውነት ያድርገው፤ ለያንዳንዱ ፍሬ አንድ ጠጠር ለራሱ መንግሥት፣ ማለት ከጎኑ ለቆመው ተማሪ፣ ይክፈል። ከዚያ ጠጠሩ ከማን ኪስ እንደወጣ ይቈጠር። ሦስቱን ዋጋ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ብትጽፉት ለ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። ባቄላው ጥሬ ቢሆን ይሻላል፤ የተቈላ ከሆነ ከሁለተኛው ዙር አያልፍም።